ከእንጨት ወደ ድንጋይ ከሰል፤ ስለ ጭስ ማውጫ ስያሜዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

አንድ ተርጓሚ ስለ ቤት ማሞቂያ የተጻፈ የውጭ አገር መመሪያ ቀርቦለት፣ «በእንጨት ፋንታ ከሰል ለማንደድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጭስ ማውጫውን ይሸፍን» ብሎ ቢተረጉም፣ በዓረፍተ ነገሩ ላይ የሰዋስው እንከን አይገኝበትም። ቃላቱም ሁሉ ለአንባቢ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ መመሪያውን እንደ ተጻፈው የፈጸመ ሰው ከነቤተሰቡ ሊሞት ይችላል። ምክንያቱም በምንጩ ቋንቋ የተባለው ከሰል ከመሬት የሚቆፈረው እንጂ ከእንጨት የሚከስለው አይደለም፤ «ይሸፍን» የተባለውም የማውጫውን የውስጥ ግድግዳ ያልብስ ለማለት እንጂ አፉን ይድፈን ለማለት አይደለም። ሁለት የታወቁ ቃላት ያለ ቦታቸው በመግባታቸው ብቻ የጥንቃቄ ምክር የነበረው የሞት ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው።

ጉዳዩ ከእኛ ኑሮ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። በገጠር የሣር ክዳን ቤት ጢሱ በክዳኑ መካከል ሠርጎ ይወጣል እንጂ ለብቻው የተሠራ ማውጫ የለውም፤ የድንጋይ ከሰልም በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነው። ሆኖም ቋንቋችን የሚነገረው በአገር ውስጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ፣ ዐውሎ ነፋስ የኤሌክትሪክ መሥመሮችን ባቋረጠ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ለሙቀት ሲሉ ከሰል በቤት ውስጥ አንድደው በጋዝ ተመረዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ከተመረዙት መካከል ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ብዙ ስለ ነበሩ፣ ማስጠንቀቂያውን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ማተም አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተርጓሚ ቃል ወይ ያድናል ወይ ያጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የቤት ማሞቂያ ከእንጨት ወደ ድንጋይ ከሰል ሲለወጥ በጭስ ማውጫው ላይ የሚደረገውን ጥገና መነሻ አድርገን፣ ለነገሩ የሚያስፈልጉትን ስያሜዎች እንመረምራለን። የምንከተለው ሥርዐት የተለመደው ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ የነገሩን አሠራር መረዳት፣ ቀጥሎ በሕዝቡ አፍ ያለውን ቃል መፈለግ፣ ካልተገኘም የነባሩን ቃል ፍች ማስፋት፣ የመጨረሻው አማራጭ የውጭውን ቃል መዋስ ነው። ለአሠራሩ ምሳሌ የምንወስደው የአሜሪካዋን የፔንስልቬኒያ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ በዚያ አንትራሳይት የተባለው ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ስለሚገኝ፣ ቤቱን በእርሱ የሚያሞቅ ሰው ዛሬም አለ።

ሀ. «ከሰል» የትኛው ነው?

በአማርኛ ከሰል ያለ ቅጽል ሲነገር የእንጨቱ ነው። ከሰለ የሚለው ግሥ አመድ ሳይሆን ጠቁሮ ቀረ ማለት ሲሆን፣ አከሰለ፣ ማክሰል፣ ከሰል አክሳይ የሚሉት ሁሉ ከእርሱ ይወጣሉ። ከመሬት የሚቆፈረውን ለመለየት የድንጋይ ከሰል እንላለን። በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም፤ ጀርመንኛ፣ ሩስኛና ዐረብኛም በቀጥታ ሲፈቱ «የድንጋይ ከሰል» የሚሆኑ ጥምር ስሞች አሏቸው።

በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ ተገልብጧል። «ኮል» የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ፍም ማለት ነበር። ከኒውካስል በመርከብ ወደ ለንደን ይጓዝ የነበረው ማዕድን ደግሞ «የባሕር ከሰል» እየተባለ በቅጽል ይጠራ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የለንደን ሕዝብ ከእንጨት ወደ ማዕድኑ እየዞረ ሲሄድ፣ ማዕድኑ የዘወትር ነገር ሆነና ቅጽሉን ጣለ፤ ቅጽል መሸከም የእንጨቱ ዕጣ ሆኖ «ቻርኮል» በሚል ጥምር ስም ቀረ። ስለዚህ በአንደኛው ቋንቋ ያለ ቅጽል የሚነገረው፣ በሌላው ቋንቋ ቅጽል የሚያስፈልገው ነው። ሕዝቡ የሚያነደው ሲለወጥ፣ ከቃላቱ የትኛው ቅጽል እንደሚሸከምም አብሮ ተለወጠ።

ከዚህ የምናገኘው ደንብ አጭር ነው። «ኮል» ባለበት ሁሉ፣ በአንድ ገጽ ዐሥር ጊዜ ቢደጋገምም እንኳ፣ የድንጋይ ከሰል ተብሎ ሙሉውን መጻፍ አለበት። ተርጓሚ ለአጻጻፍ ውበት ሲል ከሁለተኛው መጠቀሻ በኋላ «ከሰሉ» ብሎ ቢያሳጥር፣ አንባቢው ወደ ለመደው የእንጨት ከሰል ይመለሳል።

ከግእዙ ፍሕም የሚል ቃል አንሥቶ ለማዕድኑ መስጠት ይቻላል የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል፤ በዐረብኛ የቃሉ ዘመድ ለሁለቱም የከሰል ዐይነቶች ይሠራል። እኛ ግን አንደግፈውም። ፍሕም በአማርኛ ፍም ሆኖ የቀላውንና የጋለውን ብቻ ስለሚያመለክት፣ በጆንያ ታስሮ የሚሸጥ ቀዝቃዛ ፍም ለሰሚው እንግዳ ነገር ይሆንበታል።

ለ. ጭስና የቃጠሎ ጋዝ

የግእዙ ጢስ በአማርኛ ጢስም ጭስም ሆኖ ይነገራል። በአማርኛ ተናጋሪ ልቡና ጭስ በመጀመሪያ የሚታይ ነገር ነው፤ ጢስ ዓባይ የሚለው ስም የተሰጠው፣ ከፏፏቴው ሥር የሚነሣው የውሃ ርጭት ከሩቅ እንደ ጢስ ስለሚታይ ነው። እሳት የሌለበት ነገር ጢስ ከተባለ፣ እሳት ኖሮ የማይታየው ደግሞ ጢስ የለውም መባሉ አይቀርም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንትራሳይት ሲነድ ነበልባሉ አጭርና ሰማያዊ ነው፤ ጭሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ አየር ሲያንሰው እንደ ማንኛውም ካርቦን ያለበት ማገዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በእኛም አገር ብዙ ሰው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ያስገባዋል። ጢሱ አልቋል ሲባል ጉዳቱም አብሮ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ገዳዩ ጋዝ ከፍሙ መውጣቱን አላቋረጠም። «ጭስ የለውም» ማለት «መርዝ የለውም» ማለት እንዳልሆነ ቃላችን ሊነግረን አልቻለም።

ስለዚህ ከማንደጃ ወጥቶ በማውጫው በኩል የሚያልፈውን ሁሉ፣ የሚታየውንም የማይታየውንም፣ የቃጠሎ ጋዝ ብለን እንድንጠራው እናሳስባለን። ጭስ የሚለው ቃል ለሚታየው ብቻ ይቀመጥ። ጭስ ማውጫ የሚለውን የታወቀ ስም ግን አናፈርስም፤ ሕዝቡ የያዘው ቃል ነውና። የተሽከርካሪውም ጭስ ማውጫ ስለሚባል፣ አገባቡ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ የቤት ጭስ ማውጫ ማለት ይበቃል።

እንግሊዝኛ ደግሞ አማርኛ ያልለያቸውን ሁለት ነገሮች ይለያል፤ «ቺምኒ» በውጭ የሚታየው ግንብ ሲሆን፣ «ፍሉ» በግንቡ ውስጥ ያለው ባዶ መተላለፊያ ነው። በአንድ ግንብ ውስጥ ሁለትና ሦስት መተላለፊያ ሊኖር ስለሚችል ልዩነቱ ከንቱ አይደለም። ለሁለተኛው የማውጫው ቦይ የሚለውን መርጠናል። ቦይ የሚያስተላልፈው ውሃ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣም፣ የቃሉ ዐቢይ ፍች ወሰን ያለው መተላለፊያ በመሆኑ ፍችው ቢሰፋ አይጎዳም።

ሐ. ጥላሸት፣ ቅጥራን፣ ብናኝ አመድ

እንጨት ሲነድ የሚወጣው ጭስ ቅጥራንና የውሃ እንፋሎት ያዘለ ነው። የቦዩ ግድግዳ ሙቀት ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ፣ ይህ ትነት እንደ ጤዛ በግድግዳው ላይ ይቋጥራል። በመጀመሪያ ልል ብናኝ፣ ቀጥሎ ቅርፊት፣ በመጨረሻም እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ንጣፍ ይሆናል። እንግሊዝኛ ይህን «ክሪዮሶት» ይለዋል። አንድ ቀን እሳት ከያዘው ቦዩ ራሱ ይነዳል፤ የእሳቱም ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

በአማርኛ ለጥቁር የጢስ ቅሪት ሁለት ቃላት አሉን፤ ጥላሸትና ጥቀርሻ። በብዙዎች አነጋገር ጥላሸት ከድስት ሥር ተጠርጎ የሚነሣው ብናኝ ሲሆን፣ ጥቀርሻ ከጣራ ሥር የሚጋገረውና የሚንጠለጠለው ነው። ሁለቱም ያቆሽሻሉ እንጂ ይነዳሉ የሚል ስሜት አያሳድሩም። እንዲያውም ጢስ የጠጣ የጣራ እንጨት ነፍሳት ስለማይደፍሩት፣ ጥቀርሻ በገጠሩ ቤት እንደ ጠባቂ ይታያል። ስለዚህ «ጥቀርሻውን አስጠርግ» የሚል ትርጉም የንጽሕና ምክር ይመስላል፤ የእሳት ማስጠንቀቂያነቱ ይጠፋል። ጥላሸትን ለብናኙ ትተን፣ ተቀጣጣዩን ንጣፍ የማውጫ ቅጥራን ብንለው፣ ቅጥራን የሚነድ መሆኑ ስለሚታወቅ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃል።

«ክሪዮሶት» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ ለመዋስ ያልፈለግንበት ሌላ ምክንያት አለ። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ተነጥሮ ለስልክ ምሰሶና ለሐዲድ ወራጅ እንጨት መጠበቂያ የሚቀባውም በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉን በዚህ ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ፣ የማውጫው ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ይመስለዋል። እውነቱ የተገለበጠ ነው፤ በማውጫ ውስጥ ቅጥራን የሚያከማቸው በተለይ እንጨት ሲሆን፣ አንትራሳይት የሚያነድ ሰው ከዚህ ችግር ከሞላ ጎደል ይገላገላል። ጭሱ ብዙ የሆነው ቢቱሚናዊ የድንጋይ ከሰል ግን ብዙ ጥላሸት ያወጣል።

የጥላሸቱ ነገር ሲነሣ ለንደንን ደግመን ማንሣት ግድ ነው። በዚያ ለድንጋይ ከሰል የሚሠራው ቦይ ጠባብ ሆነ፤ የታወቀው ልክ 23 በ36 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ዐዋቂ ሰው ስለማይገባበት፣ ለመጥረግ የሚላኩት ልጆች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለው ሐኪም በማውጫ ጠራጊዎች ላይ የሚታየውን የቆለጥ ከረጢት ነቀርሳ ከጥላሸቱ ጋር አያያዘው፤ ይህም አንድ ሥራ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ከተመለከቱት ጽሑፎች የመጀመሪያው ነው። ልጆችን ወደ ቦይ መላክ የቀረው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1875 በወጣው ሕግ ነው። ሙያው በአገራችን ባይኖርም፣ ማውጫ ጠራጊ የሚለው ጥምር ስም ያለ ችግር ይገባል።

የድንጋይ ከሰል ከቅጥራኑ ቢያሳርፍም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ይኸውም ከጋዙ ጋር ሽቅብ እየበረረ በቦዩ ውስጥ የሚቀመጠው ብናኝ አመድ ነው። አመድ ሆነ ስንል አለቀ፣ ሞተ ማለታችን ነው፤ ይህ አመድ ግን አልሞተም። በድንጋይ ከሰል ውስጥ ድኝ፣ በመጻሕፍት ትርጉም ዲን የሚባለው፣ ይገኛል። ድኙ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም የግንቡን መዋደጃና ብረቱን ይበላል። ጉዳቱ የሚበረታው እሳቱ በጠፋበት በበጋው ወራት ነው፤ ያን ጊዜ አመዱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ እንጨት አንዳጁ ማውጫውን የሚያስጠርገው እሳት እንዳይነሣበት ነው፤ የድንጋይ ከሰል አንዳጁ ግን ብርዱ እንዳለፈ ወዲያው የሚያስጠርገው አሲድ እንዳይበላበት ነው። መሣሪያው አንድ ቢሆንም ምክንያቱና ጊዜው ይለያያል፤ ትርጉሙም ይህን መለየት አለበት።

መ. ገበር

በመግቢያው ወደ ጠቀስነው ስሕተት እንመለስ። በቦዩ የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚገባውን ተከላካይ እንግሊዝኛ «ላይነር» ይለዋል። ለዚህ ሽፋን፣ ልባስ፣ ልስንና ገበር ሊታሰቡ ይችላሉ። ሽፋን በውጭ ያለውንና ከላይ የሚከድነውን ስለሚያሳስብ መወገድ አለበት። ልባስም ወደ ውጭ ያደላል። ልስን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚቀረውን ያመለክታል፤ በእርግጥም በጥንቷ እንግሊዝ የቦይ ውስጥ በኖራና በከብት እበት ይለሰን ነበር። ጭቃና እበት ለሚያውቅ ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ የዛሬው «ላይነር» ብዙ ጊዜ ከግድግዳው የተለየ፣ ለብቻው ተሠርቶ የሚገባ፣ ሲያረጅም የሚለወጥ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሟላው በልብስ ሰፊ ቤት ያለው ገበር ነው። የካፖርት ገበር በውስጥ ነው፤ ከላዩ ጨርቅ የተለየ ነው፤ ገላን የሚነካውና መጀመሪያ የሚያልቀው እርሱ ነው፤ ሲያልቅም ካፖርቱ ሳይጣል ይለወጣል። የማውጫውም ገበር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነገሩን የማውጫ ገበር፣ ድርጊቱን ገበር ማስገባት እንላለን። ልስን ግን በኖራና በመሰል ነገር ለሚለሰነው ብቻ ይቀመጥ።

ገበሩ ከምን እንደ ተሠራ መግለጽም የተርጓሚ ግዴታ ነው። የሸክላ ገበር አሲድን ይቋቋማል፤ ነገር ግን በቅጥራን እሳት ድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከማይዝግ ብረት የሚሠራው በቁጥር ይለያል። 304 የሚባለው ለእንጨት ሲያገለግል፣ ለድንጋይ ከሰል የሚመረጠው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ነው። ስሙ «የማይዝግ» ቢሆንም፣ አመዱ ካልተጠረገ እርሱም ይበላል። የአሉሚኒየም ገበር ለአንዳንድ የጋዝ ማሞቂያ እንጂ ለእንጨትም ሆነ ለድንጋይ ከሰል አይሆንም። ስለሆነም ቁጥሮቹንና የብረቶቹን ስም «ጥሩ ብረት» በሚል ጥቅል አነጋገር መተካት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሠ. ምገት፣ ፍርግርግና ስፋት

ጋለ ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚቀል በቦዩ ሽቅብ ይወጣል፤ በእርሱ ምትክ አዲስ አየር በማንደጃው በኩል ይገባል። ይህን እንግሊዝኛ «ድራፍት» ይለዋል። ስበት እንዳንለው ቃሉ በፊዚክስ ለመሬት ስበት ተይዟል። ማገ ከሚለው ግሥ ምገት የሚለውን ወስደናል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጢሱን ይምጋል እንደሚባለው፣ ማንደጃውም አየር ይምጋል።

አየሩ የሚገባበት መንገድ ለድንጋይ ከሰል ከምንም በላይ ነው። እንጨት ከላይ በሚያገኘው አየር ይነዳል፤ የድንጋይ ከሰል ግን አየር ከሥሩ ገብቶ በክምሩ መካከል እንዲያልፍ ይፈልጋል። በፔንስልቬኒያ አንትራሳይት ለብዙ ጊዜ ሲነድ የኖረው ወናፍ ባለበት በአንጥረኛ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1808 በዊልክስባሪ ከተማ ጄሲ ፌል የተባለ ሰው ያለ ወናፍ በብረት ፍርግርግ ላይ አንድዶ ለቤት ማሞቂያ እንደሚሆን አሳየ። ቁልፉ በማገዶው ሳይሆን በፍርግርጉ ነበር።

በመጨረሻ ስፋት በሚለው ቃል ላይ እናስጠንቅቃለን። በአሜሪካ ቁጥር 211 በተባለው የእሳት መከላከያ ደንብ መሠረት፣ በቤቱ ውስጥ የሚያልፍ ቦይ የአፉ ስፋት ከማንደጃው መውጫ ስፋት ከ3 እጥፍ መብለጥ የለበትም። በአማርኛ ስፋት አንዳንድ ጊዜ ወርድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በካሬ የሚለካው ነው። የማንደጃው መውጫ ክብ ሆኖ ወርዱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በካሬ ሲለካ 177 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ 3 እጥፉም 531 ይሆናል። አንባቢው ግን ወርዱን በ3 አባዝቶ 45 ሴንቲሜትር ቢያደርገው፣ ቦዩ 1,590 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለት 9 እጥፍ ይሆናል። በሰፊ ቦይ ውስጥ ጋዙ ይቀዘቅዛል፤ ምገቱ ይደክማል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ስለዚህ የካሬ ስፋት እና ወርድ እያሉ መለየት ግድ ነው።

ረ. ስያሜዎቹ በሥራ ላይ

ከዚህ በላይ የቀረቡት ስያሜዎች አብረው መሥራታቸውን ለመፈተን፣ መመሪያውን በራሳችን አነጋገር እንዲህ ጽፈነዋል፤

«ከእንጨት ወደ ድንጋይ ከሰል የሚለወጥ ሰው በመጀመሪያ በማውጫው ቦይ ያለውን የማውጫ ቅጥራን በሙሉ ያስጠርግ፤ የቀረው ሊቀጣጠል ወይም ተፈርፍሮ ወርዶ ቦዩን ሊደፍን ይችላልና። ቀጥሎ ግንቡንና ገበሩን ባለሙያ ይመርምረው። ገበር ከሌለው ወይም ገበሩ ከተሰነጠቀ፣ ለድንጋይ ከሰል የሚሆን ገበር ያስገባ። የቦዩ የካሬ ስፋት ከማንደጃው ጋር መመጣጠኑን ያረጋግጥ። ማንደጃው ለድንጋይ ከሰል የተሠራና አየር ከሥር የሚያስገባ ፍርግርግ ያለው ይሁን። የቃጠሎ ጋዝ ባይታይም መኖሩን አይርሳ፤ በመኝታ ክፍል አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ያኑር። ብርዱ ሲያልፍ ብናኝ አመዱን ሳይውል ሳያድር ያስጠርግ።»

ሰ. የቀረቡት ስያሜዎች

የድንጋይ ከሰል፦ ከመሬት የሚቆፈር ማገዶ፤ አይታጠርም።
የእንጨት ከሰል፦ እንጨት ከስሎ የሚገኝ፤ ሁለቱ በአንድነት ሲጠቀሱ በሙሉ ይጻፋል።
ጭስ ማውጫ፦ ግንቡ በሙሉ።
የማውጫው ቦይ፦ በግንቡ ውስጥ ያለው መተላለፊያ።
የቃጠሎ ጋዝ፦ በቦዩ የሚያልፈው ሁሉ፣ ቢታይም ባይታይም።
ጥላሸት፦ ልል ጥቁር ብናኝ።
የማውጫ ቅጥራን፦ ከእንጨት ጭስ የሚጋገር ተቀጣጣይ ንጣፍ።
ብናኝ አመድ፦ ከጋዙ ጋር በርሮ በቦዩ የሚቀር አመድ።
የማውጫ ገበር፦ በቦዩ ውስጥ የሚገባ፣ የሚለወጥ ተከላካይ።
ልስን፦ ከግድግዳው ጋር የሚጣበቅ ተከላካይ።
ምገት፦ በቦዩ ሙቀት የሚፈጠር የአየር ጉዞ።
ፍርግርግ፦ አየር ከሥር የሚያሳልፍ የማንደጃ ብረት።
ማውጫ ጠራጊ፦ ቦይ የሚጠርግ ባለሙያ።

ከእነዚህ መካከል ምገትና የማውጫው ቦይ በሥራ ገና ያልተፈተኑ ስለሆኑ፣ በግንባታ ሙያ ያሉ ሰዎች በዘወትር ንግግራቸው ከእነዚህ የሚሻል ቃል ያላቸው እንደ ሆነ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። የድንጋይ ከሰልን፣ የቃጠሎ ጋዝንና ገበርን በተመለከተ ግን፣ የተሻለ ስም እስኪገኝ ድረስ ተርጓሚዎች ከዛሬ ጀምሮ እንዲጠነቀቁባቸው አደራ እንላለን፤ በእነዚህ ሦስት ቃላት የሚፈጸም ስሕተት በኋላ በሚወጣ እትም አይታረምምና።